ለመንገዱ ፈሪ ያስፈልጋል

ይህ ታሪክ መጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እጠራጠራለሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስቱንም ቀድጃለሁ። በውስጡ ጦርነት የለም፣ ስሙ የታወቀ ሰውም የለም። ያለው አንድ ብስክሌት ጠጋኝ፣ አንድ ቁልቁለትና እኔ የደወልኩት አንድ የብስክሌት ደወል ነው። ለአንድ ደወል ብሎ የሰው ጊዜ መውሰድ ያሳፍረኛል። ሆኖም ያ ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። ነገሩን ከእኔ እኩል የሚያውቀው ሰው ደግሞ አሁን የለም። ስለዚህ እጽፈዋለሁ።

ጥር ወር ውስጥ፣ ናይሮቢ፣ ከትምህርት ክፍል ስወጣ ስልኬ ጠራ። የደወለው ጉዮ ነበር። ጉዮ ሞያሌ ውስጥ በሞተር ሳይክል ሰው የሚያመላልስ የቦረና ልጅ ነው። ሲደውል ሁልጊዜ በቀልድ ይጀምራል። ያን ቀን አልቀለደም።

«ሰናይት፣ ቆመሻል ወይስ ተቀምጠሻል?»

«ቆሜያለሁ።»

«እንግዲያው ተቀመጪ።»

አልተቀመጥኩም። «ፉንዲ ሄደ» አለኝ። «ዛሬ ጠዋት ወንድሙ ከሐዋሳ ደወለልኝ። ልቡ ነው አሉ። ከወገቡ አይደለም፣ ልቡ ነው። ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ አልኩት። ልቡ ነው የሚለውን ሁለት ጊዜ ለምን እንደደገመው ግን ስልኩ ከተዘጋ በኋላም ሳስብ ቆየሁ። ማልቀስ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ወደ መኝታ ክፍሌ ሮጥኩና ከአልጋዬ ሥር ሻንጣዬን ጎትቼ አንድ የትምህርት ቤት ደብተር መኖሩን አረጋገጥኩ። ደብተሩ ውስጥ አንዲት አረንጓዴ ነጥብ አለች። ያቺ ነጥብ ውሸት ናት፤ ውሸቱም የእኔ ነው።

ፉንዲ በስዋሂሊ ጠጋኝ፣ ባለሙያ ማለት ነው። ሞያሌ ውስጥ ስንትና ስንት ፉንዲ አለ፤ ያለ ስም «ፉንዲ» ከተባለ ግን ጋሽ ምናሴ ነው። ሱቁ ማንያታ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከእናቴ ምግብ ቤት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነበር። ሦስቱ ግድግዳ ቆርቆሮ ነው፤ በአራተኛው በኩል ያለው መንገዱ ነው። አጭር፣ ጠይም፣ ባቱ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ሰው ነበር። ቁልቁለት ከመጀመሩ በፊት ሁልጊዜ ቆቡን አውልቆ ሸሚዙ ውስጥ ይከታል። ከዚያ ወርዶ ከመሬቱ አፈር ይቆነጥርና በመዳፉ ላይ ያሸዋል። «ይኼ አፈር ሲደርቅ ብስኩት ነው፣ ሲረጥብ ሳሙና ነው» ይላል። «ሁለቱም መሆኑን ደግሞ አይነግርህም።»

በወጣትነቱ በሱዳንና በሊቢያ አድርጎ ጣሊያን ገብቷል። ባሕሩን እንዴት እንደተሻገረ አይተርክም፤ የሚተርከው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው። «ቋንቋ አላውቅም ብዬ ስጨነቅ፣ ለካስ ጎማ፣ ፍሬን፣ ካቴና አውቅ ኖሯል» ይለን ነበር። የኖረው በደቡብ በኩል፣ በሸክላ አፈር ኮረብታ ጫፍ ላይ በተቀመጠች መንደር ነው። ወጣቶቿ ሁሉ ተሰደው ሽማግሌዎች ብቻ የቀሩባት መንደር ናት። ዳቦ ጋጋሪው በዙሪያው ላሉ ሦስት መንደሮች ዳቦ የሚያደርስለት ሰው አጥቶ ነበርና ለጋሽ ምናሴ የሟች ወንድሙን ብስክሌት ሰጠው። በመንደሮቹ መካከል ያለው መሬት ዝናብ የቦረቦረው፣ ሣር የማያበቅል፣ ነጭ ገደል ነው። «ከአንዷ ሆነህ ሌላዋን ታያለህ» ይላል ጋሽ ምናሴ፤ «አሮጊቷ ልብስ ስታሰጣ ሳይቀር ታያለህ። ለመድረስ ግን ግማሽ ቀን ትወርዳለህ፣ ትወጣለህ። ዳቦው ትኩስ ሆኖ የደረሰበት ቀን የለም።»

ለእናቱ ቀብር ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ድጋሚ አልሄደም። አንድ ጊዜ ዕቃ ሊገዛ ወደ ኬንያ ሲያልፍ ከሞያሌ በታች ያለውን ቦረቦር መሬት በአውቶቡስ መስኮት አየው። ቀለሙ ቀይ ከመሆኑ በቀር ያው ነው። እዚያው ወርዶ ቀረ።

ጉዮ ይህን ሲሰማ ይስቅበት ነበር። «ፉንዲ፣ በእኔ ሞተር ዳበል መንደር ለመድረስ ሻይ እስኪፈላ አይፈጅም። አንተ እግርህን እየፈጨህ ምን ታገኛለህ?»

«አንተ ዳበል ትደርሳለህ። እኔ መንገዱን አገኘዋለሁ።»

«እናንተ ሐበሾች! መንገድ ይበላል?»

«ቤንዚን ሲጠፋ ትበላዋለህ።»

እኔን ያወቀኝ በፍርሃቴ ነው። ፎርም ፎርን፣ የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ክፍል፣ ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ እስኪጠራኝ የምጠብቅበት ጊዜ ነበር። እናቴ ጠዋት ጠዋት ለምግብ ቤቱ ወተት እንዳመጣ በብስክሌት ወደ ቡቲዬ መንደር ትልከኛለች። ሜዳው ላይ ደህና ነኝ። መሬቱ ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ካለ ግን ጣቶቼ ይቀዘቅዛሉ፤ ወርጄ እየገፋሁ እሄዳለሁ። የቡቲዬ ሴቶች «ብስክሌቱን ለሽርሽር አወጣሽው ወይ?» እያሉ ይስቁብኛል። አንድ ቀን ጋሽ ምናሴ ከኋላዬ ደርሶ ቆመ። ይስቅብኛል ብዬ አንገቴን ደፋሁ።

«የእትዬ ዘውዴ ልጅ፣ የት ላይ ነው የወረድሽው?» አለኝ።

«እዚያ ላይ ጋሼ።»

«እዚያ የት? የትኛው ድንጋይ ጋ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። ድንጋዩን አሳየሁት። ሄዶ ቁጢጥ ብሎ አየው፣ በእጁ ነካካው፤ ከዚያ የሚፈልገውን ዕቃ እንዳገኘ ሰው ፈገግ አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ሉቺያ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሆና በብስክሌት ልትጎበኘው ቀጠሮ ይዛለች። አባቷ ሞቷል። ጋሽ ምናሴ የእነሱን ኮረብታዎች ዓመታት ሲወጣና ሲወርድ ኖሯል፤ አሁን የራሱን ሊያሳያት ይፈልጋል። ከቡቲዬ ተነስቶ በቦረቦሩ ውስጥ አልፎ ዳበል የሚደርስ የእረኞች መንገድ አለ። ከእንግዶቹ ሁለቱ ፀጉራቸው የሸበተ ነው። አንዱ ገደል ቢገባ ደግሞ ጋሽ ምናሴ ራሱ ከዚያ ወዲያ ሰው መሆኑ እንደሚያበቃ እናቴ ፊት ተናገረ።

«እኔ ወረድኩ ማለት ምንም ማለት አይደለም» አላት። «ደፋር መንገድ አይመዝንም። ለመንገዱ ፈሪ ያስፈልጋል። ሰናይት በብስክሌት ከወረደችው ማንም ይወርደዋል፤ ካልወረደችው በእግራችን እንሄዳለን።»

እናቴ ጉዮ በዋናው መንገድ ዞሮ ዳበል ላይ እንዲጠብቀን አድርጋ ፈቀደች። ጋሽ ምናሴም ደብተር አወጣ። ጋልቤ ያለፍኩበት ቦታ ላይ አረንጓዴ ነጥብ፣ ወርጄ የገፋሁበት ላይ ቀይ ነጥብ ይደረጋል፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ሥር ቀኑ ይጻፋል። የደወሉን ደንብም ያኔ አስተማረኝ። ፊት ያለው መታጠፊያውን እንዳለፈ ሦስት ጊዜ ይደውላል። ኋላ ያለው ጋልቦ ሲያልፍ አንድ ጊዜ ይመልሳል። በእግሩ የሚሄድ አይደውልም፣ በድምፁ ይጣራል። ደወልም ድምፅም ካልተሰማ ፊት ያለው ተመልሶ ይወጣል።

«ጋጋሪው ደወሌ ሲዘገይ ምድጃውን ትቶ ይመጣ ነበር» አለኝ። «ከአንቺ የምፈልገው ፍርሃትሽን ብቻ ነው። ሌላውን ሁሉ እኔ አለኝ። እሱን እንዳትደብቂኝ።»

በየካቲት፣ አፈሩ ብስኩት በሆነበት ወቅት፣ አንድ ጠዋት ወጣን። ከቡቲዬ ካለፍን በኋላ መሬቱ ከሁለት በኩል ተቆርጦ ይወርዳል። በቀይ አፈር ግድግዳዎች መካከል ስንሄድ የብስክሌቱ ድምፅ እንኳ ተመልሶ ይመጣብኝ ነበር። ወረድኩ። ገፋሁ። ደግሞ ወጣሁ፣ ደግሞ ወረድኩ። በእያንዳንዱ ቀይ ነጥብ ጋሽ ምናሴ «ጎበዝ፣ ይኼን እኔ አላየሁትም ነበር» ይለኛል። ደስታው እውነተኛ ነበር። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ደብተሬ ላይ ቀይ ያየሁት ስሕተት ስሠራ ብቻ ነው። ሰባተኛው ቀይ ሲደረግ በፈተና የወደቅሁ ያህል ፊቴ ጋለ።

ከዚያ እሱ «የጋጋሪው መታጠፊያ» ብሎ የሰየመው ቦታ ደረስን። መንገዱ እንደ አህያ ጀርባ በጠበበ ጉብታ ላይ ይወርዳል፤ ግራውም ቀኙም ገደል ነው። መጨረሻው ላይ ከደረቅ ወንዝ በላይ ድንገት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ጋሽ ምናሴ ቆቡን ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ወረደና ከዓይኔ ጠፋ። ሦስት ደወል ተሰማኝ።

ኮርቻው ላይ ወጣሁ። አንድ እግሬ መሬቱን አልለቅ አለ። ከገደሉ ሥር ነፋስ ወደ ላይ ይነፍስ ነበር፤ ፊቴ ላይ ሲያርፍ መሬቱ ራሱ የሚተነፍስ መሰለኝ። ከኮርቻው ወረድኩ። ብስክሌቱን በሁለት እጄ አንቄ፣ በተረከዜ እየቆነጠጥኩ፣ ዓይኔን ከጫማዬ ሳላነሳ ተራመድኩ። መጣራት ነበረብኝ። «ጋሼ፣ በእግሬ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር። ስምንተኛው ቀይ ታየኝ። መታጠፊያውን በእግሬ እንዳለፍኩ ኮርቻው ላይ ወጣሁ፣ አንድ ጊዜ ደወልኩ፣ የቀረችውን ደህና ቁልቁለት ጋልቤ ፊቱ ደረስኩ።

«ጋልበሽው ወረድሽ?»

«አዎ ጋሼ።»

ዓይኑ እንባ አቀረረ። «እንግዲያው ሉቺያ ታልፋለች» አለ። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አረንጓዴዋን ነጥብ አደረገ፤ ቀኑንም ጻፈ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ያለ ፍርሃት የበላሁት ምግብ የለም። ምግብ ቤት ለገባ ሁሉ «ሰናይት የጋጋሪውን መታጠፊያ ጋልባዋለች» ይላል። እናቴ ለጎረቤት ትነግራለች። የሚያመሰግነኝ በበዛ ቁጥር እውነቱ እየከበደኝ ሄደ። በሕልሜ ሁልጊዜ አንዲት ፊቷን የማላውቀው ነጭ ሴት በጉብታው ላይ ትወርዳለች፤ እኔ ከታች ሆኜ እደውላለሁ።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ ዝናብ ጣለ። ልነግረው ወስኜ ሱቁ ሄድኩ። የሉቺያን ጎማ የሚተካ መለዋወጫ እያዘጋጀ ነበር።

«ጋሼ።»

«ወዬ።»

ጉዮ ሞተሩ ላይ ተጋድሞ ያየኛል። «ምን ሆነሻል? ፊትሽ የተበደረ ሰው ፊት ሆነ» አለኝ።

«ጋሼ... ዝናብ ጣለ።»

«ጣለ። ሁለት ቀን ፀሐይ ከመታው ይደርቃል» አለ፤ ወደ ሥራው ተመለሰ። እኔም ወደ ቤት ተመለስኩ።

ሉቺያ ሃምሳ ዓመት የሚሆናት፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጥ ሴት ነበረች። ጋሽ ምናሴን አቅፋው ለረጅም ጊዜ አልለቀቀችውም። ሁለት ቀን ፀሐይ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነሳን። ጉዮ ውኃና ዕቃ ይዞ በዋናው መንገድ ዞረና ከመታጠፊያው በታች ደረቁ ወንዝ ጋ ሊጠብቀን ሄደ። በደብተሩ መሠረት ቀይ ቦታዎቹን ሁሉ በእግራችን አለፍናቸው። እንግዶቹ የእኔን ነጥቦች እያዩ ሲወርዱ አንዱ እንኳ አልተንሸራተተም። ፍርሃቴ ሰውን ሲጠብቅ በዓይኔ አየሁ።

ጉብታው አናት ላይ ስንደርስ ጋሽ ምናሴ አፈር ቆንጥሮ አሸ። የላዩ ዱቄት ሆነ። ከውስጡ የወጣው ግን መዳፉ ላይ ተጣበቀ። መዳፉን ሱሪው ላይ ጠረገና ወደ እኔ ዞረ።

«አንቺ የወረድሽበት ነው» አለኝ። «እንሂድበት?»

ከእሱ ቀጥሎ የምወርደው እኔ ነበርኩ። ፈሪዋ ስትወርድ አይተው እንግዶቹ ይበርታሉ ብሎ ነው። «አዎ» በሚል ራሴን ነቀነቅሁ።

ቆቡን ሸሚዙ ውስጥ ከተተ። ወረደ። ሦስት ደወል መጣ።

ሉቺያ ከኋላዬ አንድ እግሯን ፔዳሉ ላይ አድርጋ ፈገግ ብላ ትጠብቃለች። ጣቴ ደወሉ ላይ ነበር። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ እንደ የካቲቱ ወርጄ ገፍቼ ልደውል እችላለሁ፤ ከዚያ ሉቺያ ትመጣለች። ብስክሌቴን በመንገዱ ላይ አጋደምኩት። ፊቴን ወደ እንግዶቹ አዙሬ ሁለት እጄን ዘረጋሁ። «ኖ» አልኩ። ከዚያ የተረፈ ድምፅ አልነበረኝም።

ሦስት ደወል ድጋሚ ተሰማ። ቀጥሎም «ሰናይት!» የሚል ጥሪ።

ለምን እንዳልመለስኩለት እስከ ዛሬ አላውቅም። አንዲት ቃል ብትወጣኝ ኖሮ እዚያው ታች በቆመ ነበር። ቀጥሎ ብስክሌቱን እየገፋ ሲመለስ የጫማው ድምፅ ተሰማኝ፤ እየፈጠነ መጣ። ቆብ የሌለው ራሱ ከመታጠፊያው ብቅ ሲል አየሁት፤ እሱም እኔን በደህና ቆሜ አየኝ። ፊቱ ላይ የነበረውን እፎይታ አልረሳውም። ከዚያ ከእግሩ ሥር የመንገዱ ጠርዝ ተቀደደ። ድምፁ ጆንያ እህል ከመኪና ላይ ሲወርድ ያለው ድምፅ ነበር።

አልሞተም። ጉዮ ከወንዙ ሮጦ ደረሰ። የከብት ጠባቂዎች ሁለት እንጨት ላይ ሽርጥ አስረው ቃሬዛ ሠሩ። ወገቡ ተሰብሮ ነበር። ሲያነሡት ጥርሱን ነክሶ እንድጠጋ በጣቱ ጠራኝ።

«ለምን አልደወልሽም?»

«አልጋለብኩትም ጋሼ። ያን ጊዜም አልጋለብኩትም። ገፍቼ ነው የወረድኩት።»

ዓይኑን ጨፈነ። የሞተ መስሎኝ ጮኽኩ። ኋላ ከፈተው። ሉቺያ ተንበርክካ ምን ሆነ እያለች ትጠይቀው ነበር፤ በጣሊያንኛ መለሰላት። ከቃሉ ሁሉ የገባኝ አንዱ ብቻ ነው፤ «ፍሬን» የሚለው። ለጉዮም በአማርኛ «ፍሬኑ ከዳኝ» አለው። ውሸት የሚጠላ ሰው ለእኔ ሲል በቃሬዛ ላይ ሆኖ ዋሸ።

እንግዶቹ በደህና ወደ አገራቸው ተመለሱ። እሱን ወንድሙ ሐዋሳ ወሰደው። ከመሄዱ በፊት ሐኪም ቤት ሄጄ ሳየው ደብተሩን ሰጠኝ። ነጥቧን ቀይ እንዲያደርግ እስክሪብቶ ይዤለት ነበር። አልተቀበለኝም።

«የእኔ ነጥብ አይደለችም» አለኝ። «እዚያ ሄደሽ፣ እንዴት እንደወረድሽ አይተሽ፣ ራስሽ አድርጊው። በውሸት ካደረግሽው ልብ በይ፣ በዚያ ደብተር የሚሄድ ሰው ይኖራል።» ከዚያ ፊቴን አየና ድምፁ ለዘብ አለ። «ለሰው ደስታ ብለሽ ፍርሃትሽን አትስጪ። ያለሽ ትልቁ ዕቃ እሱ ነው።»

ሄጄ አላደረግሁትም። ፈራሁ። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ ደብተሩን ሻንጣ ውስጥ ከተትኩ። አንዳንድ ጊዜ በስልክ እንነጋገር ነበር፤ ስለ ነጥቧ አንድም ቀን አልጠየቀኝም። መራመድ ቢችልም ብስክሌት ላይ ዳግመኛ አልወጣም። ከዚያ ጉዮ ደወለ።

ፈቃድ ጠይቄ በአውቶቡስ ሞያሌ ሄድኩ። እናቴን ሰላም ብዬ፣ ብስክሌቴን አውጥቼ ጉዮን እንዲከተለኝ ለመንኩት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሞተሩን ትቶ በእግሩ መጣ። ጉብታው አናት ላይ ስንደርስ ሁሉንም ነገርኩት፤ የካቲትን፣ ደወሉን፣ የፍሬኑን ነገር።

ጉዮ በእግሩ ጣት ጠጠር እየገፋ አዳመጠኝ። «ብስክሌቱን ከገደል ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «ፍሬኑ ደህና ነበር። ፉንዲ ፍሬን ነው ካለ፣ ፍሬን ነው ብዬ ዝም አልኩ።» ቆይቶም «አሁን በጋ ነው፣ ደርቋል። ከፈለግሽ ጋልቢው፤ ከእኔ ሌላ የሚያይሽ የለም» አለኝ።

አፈር ቆንጥሬ አሸሁ። ብስኩት ነበር። ኮርቻው ላይ ወጣሁ፤ ነፋሱ ከገደሉ ሥር መጣ፤ ጣቶቼ ቀዘቀዙ። ምንም አልተለወጥኩም። ከኮርቻው ወረድኩ።

«ጉዮ፣ በእግሬ ነኝ!» ብዬ ተጣራሁ።

«ሰምቻለሁ!» አለኝ ከኋላዬ።

በተረከዜ እየቆነጠጥኩ ወረድኩ። ጠርዙ የተቀደደበትን ቦታ ከተቀደደው ጎን ርቄ አለፍኩ። መታጠፊያውን ዞርኩ። ደወሉን አልነካሁትም። ከታች እሱ የተቀመጠበት ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ከፈትኩ። አረንጓዴዋ ነጥብ እስክትጠፋ ድረስ በቀይ ሸፈንኳት፤ ከሥሯም እንደ ደንቡ ቀኑን ጻፍኩ፦ ጥር ሃያ ስምንት።